እኔ ጆሮ አልሳልኩም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ የጂን ወሬ ሲነሳ ጫማዬን አጥልቄ ውልቅ የምል ሰው ነኝ። ጂን የለም አላልኩም፣ ቁርአን ላይ ያለውን የምክድ ሴት አይደለሁም፣ ነገር ግን እገሊት ቤት ዕቃ ብቻውን ሄደ፣ እገሌን ግድግዳ አናገረው የሚባለውን ሁሉ ሥራ የፈታ ሰው ፈጠራ ነው ብዬ ነው የኖርኩት፣ እናቴ እንዲህ ያለ ወሬ ስትጀምር እንኳ «እማ፣ ድመት ናት» እያልኩ አበላሽባት ነበር። አሁን ይህን ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅብኝ ይታየኛል። ትሳቅ አቦ፣ እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትንም ሰምቻለሁ፣ ለዚያውም በጠራራ ፀሐይ።

ፈቲያ እባላለሁ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ግን «ፌቲ ቀለም» ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። አሸዋ ሰፈር አንድ በር ሱቅ አለችኝ፣ የሱቅ ሰሌዳ እጽፋለሁ፣ የጁስ ቤት ግድግዳ ላይ ማንጎና አቮካዶ እስላለሁ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ባለቤቱ የሚፈልገውን ንስር ወይ አንበሳ ወይ የልጁን ስም አስቀምጣለሁ። ድሮ ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጣች ብሎ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ብዙ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። ሁለት ጉድለት አለብኝ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ራሴ ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ጆሮ መሳል አይሆንልኝም፣ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቼ እስከ ዛሬ ጆሮ የሚመስል ጆሮ አልወጣልኝም፣ የሳልኳቸውን የፀጉር ቤት ሴቶች ልብ ብላችሁ ብታዩ ሁሉም ጆሯቸው በፀጉር ተሸፍኗል። ሁለተኛው፣ ምላሴ ከጭንቅላቴ ይቀድማል፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን እሰጠዋለሁ፣ ለሌላ ሰው የቀረበ ጥያቄ ቢሆን እንኳ መሃል ገብቼ ካልመለስኩ ያንቀኛል።

ድሬን ለማታውቁ ደግሞ ስለ ቀትር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ወሬዬ አይገባችሁም። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማዋ ሰው የላትም። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ቬንትሌተር ሥር ይዘረራል፣ ባጃጅ ነጂው እንኳ የዛፍ ጥላ ፈልጎ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ይተኛል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ቀትር ላይ ካልተኛሁ ሰው አልሆንም ነበር። ነበር ነው ያልኩት።

ዓምና ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ ሆዳን ሱቄ መጣች። ሆዳን ታይዋን ገበያ የሴት ልብስ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፣ የሱቋን ሰሌዳ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፣ በጨዋታ ጎበዝ ናት፣ ያን ቀን ግን ፊቷ ጨዋታ አልነበረበትም።

«ፌቲ፣ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ትስያለሽ?»

«ምን ያልሳልኩት አለ!»

«ባህር ትስያለሽ? ማታ፣ ባህር ላይ የሚሄድ የሸራ ጀልባ። አባቴ ነው የፈለገው። ዓይኑ እየሄደበት ነው፣ የግራው ጠፍቷል፣ የቀኙንም ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎታል፣ ከዚያ በፊት ማየት አለብኝ ብሎ እንቅልፍ ነሳን።»

«እስላለሁ!» አልኩ፣ አያችሁ ምላሴን፣ ባህር አይቼ አላውቅም እኮ። የማውቀው ውሃ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ነው፣ እሱም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው።

ሆዳን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «ሰው ይኖርበታል፣ አባቴ ያለ ሰው አይሆንም ብሏል፣ ግን ፊት እንዳይኖረው፣ ሶላት የምንሰግድበት ሳሎን ነው፣ ፊት ያለው ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ከጀርባው ሳዪው።» እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ የሰው ምስል አይሰቀልም፣ ስለዚህ ነገሩ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ከጀርባው ከሆነ ጨርቅ ጠምጥሜበት ከጆሮም እገላገላለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ቀለሜን፣ ቡርሼንና መሰላሌን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሳቢያን ሰፈር፣ ሆዳን ቤት ሄድኩ። ግድግዳውን ራሷ መርጣለች፣ ሲሰገድ ከኋላ የሚሆነውን፣ ሰፊና ልሙጥ ግድግዳ። አባቷ በረንዳ ላይ የሽቦ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አዴር ጉሌድ ይባላል፣ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ ለእኛ አዴር ነው፣ አንተ እያልኩ ሳወራው ስትሰሙ ደግሞ እንዳትቀየሙኝ፣ ድሬ ውስጥ አንቱ ማለት ሰውየውን ማራቅ ነው። ይህን ሰውዬ ከልጅነቴ ጀምሮ በዝና አውቀዋለሁ፣ ቀትር ላይ የማይተኛ ብቸኛው የድሬ ሰው እሱ ነው። መጋላ ሰፈር ሱቅ በነበረው ጊዜ ከተማው ሁሉ ተዘርሮ እሱ ብቻ ዓይኑን አፍጥጦ በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እኛ ልጆቹ «አዴር ሌባ ይጠብቃል» እያልን እንስቅበት ነበር። ለካ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ኖሯል።

«ባህር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም አዴር፣ አልዋሽህም።»

«ጥሩ። ያየ ሰው የራሱን ነው የሚስለው። አንቺ የእኔን ትስያለሽ።»

ከዚያ ነገረኝ፣ እኔ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እየነደፍኩ፣ እሱ በደህናው ዓይኑ እየተከተለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ቤተሰቡ ገና ጅቡቲ ነበሩ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከሊባን ጋር ከታጁራ ማገዶና ፍየል ጭነው በሸራ ጀልባ ወደ ጅቡቲ ይመላለሱ ነበር፣ የሚሄዱት ደግሞ ማታ ነው፣ ነፋሱ ያኔ ነው የሚመቸው። ሊባን ከኋላ መሪውን ይይዛል፣ ጉሌድ ከፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ድንጋይና ሌላ ጀልባ ያያል። ፊት ያለው ወደ ኋላ አይዞርም፣ ኋላ ያለው መሪውን አይለቅም፣ የሚያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። ሊባን በየተወሰነ ጊዜ «ማ ሶ ጄዳ?» ብሎ ይጣራል፣ ነቅተሃል ወይ ማለት ነው፣ ጉሌድ ደግሞ «ዋን ሶ ጄዳ» ይላል፣ ነቅቻለሁ ማለት ነው፣ እንዲህ እየተባባሉ ያነጋሉ።

«በይው እስቲ» አለኝ።

«ዋን ሶ ጄዳ» አልኩ፣ ሳቀ፣ ጥርሱ ሁለት ብቻ ቢቀርም ሳቁ ያምራል።

«አንድ ቀን ማታ ማዕበል ወሰደው» አለኝ ቀጥሎ፣ በቃ ይህን ብቻ። ፎቶ የለውም፣ መቃብር የለውም፣ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰውም አልቀረም።

ወላሂ እላችኋለሁ፣ እንደዚያ ሥራ ደስ ያለኝ ሥራ የለም! ሰማያዊ ከጥቁር ቀላቀልኩ፣ አልመጣም አለ፣ አዴር «ጥቁር አይደለም፣ ጨለማ ነው» ይለኛል፣ እኔ ልዩነቱን ከየት ልወቅ፣ ጥቂት አረንጓዴ ጠብ ሳደርግበት «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ጀልባዋ ውሃውን ስትቀድደው ውሃው ራሱ አረንጓዴ ብርሃን ይረጭ ነበር አለኝ፣ መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር፣ ግን ስስለው አመንኩት። ሸራው ተነፋ፣ ምሰሶው ላይ ትንሽ ፋኖስ ሰቀልኩ፣ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ሊባን ጀርባውን ሰጥቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፣ ነጭ ሸሚዝ አለበስኩት፣ ራሱ ላይ ጨርቅ ጠመጠምኩለት፣ ጨርቁን እስከ ማጅራቱ አወረድኩት። ርቆ ከፊት ደግሞ አንድ ትንሽ ልጅ ቁጭ ብሎ ወደ ጨለማው ያያል። ከመሰላሉ ወርጄ ሳየው እኔ ነኝ ይህን የሠራሁት ብዬ እጄን አየሁ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ሆዳን ሱቅ ናት፣ አዴር በረንዳው ላይ ነው፣ እኔ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ መከዳ ተንተርሼ ጋደም አልኩ። መብራት ሄደና ቬንትሌተሩ እየተንፏቀቀ ቆመ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ሲ...ጥ፣ ሲ...ጥ፣ አሮጌ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ የሚሰማ ዓይነት። በሩ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ፣ አልቆመም። የመሰላሌ ማሰሪያ ነው ብዬ መሰላሉን አስተኛሁት፣ አልቆመም። ከንፈሬን ስልስ ጨው ጨው ይላል፣ ላብ ነው አልኩ፣ በዚያ ሙቀት ሌላ ምን ልበል። ከጀልባዋ ሥር ያለውን ግድግዳ ስዳስሰው እጄ ረጠበ፣ ቀለሜ ያልደረቀ መስሎኝ አሸተትኩት፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጅ ሽታ የለውም፣ የቀለም ሽታም የለውም፣ እጄ ላይም ምንም ቀለም አልነካም።

«ሰማሽ እንዴ?» አለኝ አዴር ከበረንዳው።

«ምኑን?»

«ምንም» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥራዬን ልጨርስ ስል አዴር ሳሎን ገብቶ ከግድግዳው ፊት ቆመና ጣቱን ከፊት ያለው ልጅ ላይ አደረገ። «ልጁን አስተኚው» አለኝ።

«ምን?»

«ተኝቶ ነበር» አለ። «ማዕበል አልነበረም ፈቲያ። ባህሩ እንደ ሰሃን ልሙጥ ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፣ ፍየሎቹ ላይ ተደገፍኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሸራው ይንጣጣል፣ መሪውን የያዘ ሰው የለም።»

እኔ ቡርሼን አስቀመጥኩ። እሱ ቀጠለ፣ ሆዳን እንዳትሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሆዳን እኮ ቤት የለችም። ሊባን ጠርቶታል፣ እሱ አልመለሰም፣ ስላልመለሰ መሪውን ለቆ ሊቀሰቅሰው ተነሳ፣ መሪው ሲለቀቅ ሸራው ዞረ፣ ሸራው የተሰቀለበት እንጨት መታውና ባህር ውስጥ ጣለው። ይህን ማንም አላየም፣ አዴር ራሱ አስቦ የደረሰበት ነው፣ ግን ስልሳ ዓመት አስቦበታል። ለእናቱ ማዕበል ነው አላት፣ ለሚስቱ ማዕበል ነው አላት፣ ለልጁም እንደዚያው።

«ቀትር ላይ ዓይኔን ከከደንኩ ይጠራኛል» አለኝ። «ማታ አይደለም፣ ቀትር ላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ይጠራኛል፣ አፌን ሳልከፍት እነቃለሁ። ነቅቼ ልመልስለት ነው የምፈልገው። በዓይኔ እያየሁት። ዓይኔ ከሄደ የት አየዋለሁ?»

አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ልጁን በስፓቱላ ፋቅኩትና ተጠቅልሎ የተኛ ልጅ ሳልኩበት፣ አንድ እጁ ከጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ። እስኪመሽ አጠገቤ ቆሞ አየኝ።

በአራተኛው ቀን ስመጣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ እዚያው ሥዕሉ ፊት ማደሩን ሆዳን በንዴት ነገረችኝና ወደ ሱቋ ሄደች። አዴር ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን እንደ ሙሽራ ነጭ ሽርጥና አዲስ ሸሚዝ ለብሷል! «ዛሬ ቀትር አጠገቤ ሁኚ» አለኝ። «ሽማግሌ ነኝ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ይችላል። ከተኛሁ ቀስቅሺኝ። ሲጠራ እኔ ነኝ መመለስ ያለብኝ።»

«ወላሂ እቀሰቅስሃለሁ» አልኩ፣ በአላህ ስም ምዬለት።

የቀሩኝን ትንንሽ ነገሮች ጨርሼ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ መከዳውን ተደግፎ፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ እኛ ፊት ግን ሌሊት ነው፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ከቆየን በኋላ ሳሎኑ የቀዘቀዘ መሰለኝ። እያወራን ነበር፣ ስለ ፍየሎቹ ነበር መሰለኝ የሚያወራኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም፣ ምክንያቱም ተኛሁ። አዎ፣ እኔው ተኛሁ፣ ሰውየውን እቀሰቅሳለሁ ብዬ የማልኩት! ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያች ሰዓት ተኝቼ አድጌ ሰውነቴ ለምዷል፣ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኛ አላደረም ወይ፣ ተያይዘን ጠፋን።

የነቃሁት ጀርባዬ ሲወዛወዝ ነው። ምንጣፉ ከሥሬ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይላል፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይላል፣ አሸዋ ገበያ ከሚሄድ ባጃጅ ጋር አይመሳሰልም፣ እንዲህ ያለ ነገር አካሌ ቀምሶ አያውቅም። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ የሻሼ ጫፍ ግን ፊቴ ላይ ይርገበገባል። ያ ሲ...ጥ የሚለው አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ የውሃ ድምፅ፣ ሰው ጣቱን ባልዲ ውስጥ እንደሚያንቀሳቅስ። ፋኖሱን አየሁት፣ እኔ የሳልኩት ፋኖስ ቢጫ ቀለም ነው፣ ያን ሰዓት ግን የአዴር ግንባር ላይ ብርሃኑ ይወዛወዝ ነበር።

አዴር ተኝቷል። አፉን ገርበብ አድርጎ፣ አንድ እጁ ከመከዳው ተንጠልጥሎ፣ ልክ ግድግዳው ላይ እንዳለው ልጅ።

ያኔ ጠራ።

«ማ ሶ ጄዳ?»

የወጣት ድምፅ ነው፣ የሚያስፈራ ድምፅ አይደለም፣ ይህን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ፣ ወንድም ወንድሙን የሚጠራበት ድምፅ ነው፣ ትንሽ የደከመው፣ ትንሽ የሚቀልድ። ከግድግዳው ነው የመጣው። መቀስቀስ ነበረብኝ እኮ! እጄን ብዘረጋ የአዴር ጉልበት ላይ ይደርሳል። ግን ያ ሰው መልስ ሲጠብቅ፣ ዝምታው ሲረዝም፣ ሊነሳ ነው ብዬ ደነገጥኩ፣ መሪውን ሊለቅ ነው ብዬ፣ ምላሴ ቀደመኝ።

«ዋን ሶ ጄዳ!» አልኩ፣ ጮኼ።

ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። ውሃው፣ ሲጥሲጡ፣ ሻሼ፣ ሁሉም። መብራት መጣና ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ። ግድግዳውን አየሁ፣ ሥዕሉ ሥዕል ነው፣ ፋኖሱ ቀለም ነው፣ ልጁ ተኝቷል። ሊባን ብቻ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል፣ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ እኛ፣ ወደ ሳሎኑ፣ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ጨርቁም ከፍ ብሎ ከሥሩ ጆሮ ይታያል። ጆሮ! ስንጥቁ፣ ጥምዝምዙ፣ ከጫፉ ላይ ትንሽ የተቆረሰች ነገር ሁሉ ሳትቀር፣ እኔ ሺህ ዓመት ብኖር የማልስለው ጆሮ።

አዴር ነቃ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን። «ጠራኝ?» አለኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አዎ ጠራህ፣ ግን አንተ ዳግመኛ ተኝተህ ነበር፣ እኔም ቃሌን በልቼ ተኛሁ፣ መልስህንም ነጠቅኩህ ትሉታላችሁ? እኔ አልቻልኩም።

«ጠራህ» አልኩት። «መለስክለት። በእንቅልፍህ፣ ግን በደንብ መለስክለት፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

በአራት እግሩ እየዳኸ ግድግዳው ድረስ ሄደ፣ አፍንጫው ቀለሙን እስኪነካ ተጠጋ፣ በዚያች በቀረችው ዓይኑ አየው አየው፣ ከዚያ ጣቱን የተቆረሰችው የጆሮው ጫፍ ላይ አሳረፈ። «ፍየል ነው የነከሰው፣ ልጅ ሆነን» አለ። «ይህን አልነገርኩሽም። ሰምቶኛል ፈቲያ፣ ሰምቶኛል!» እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እንደ ሕፃንም እዚያው ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ተኛ። ሆዳን ለአስር ሶላት ስትመጣ አባቷ ቀትር ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ አይታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፣ አቀፈችኝ፣ አለቀስን። ሥዕሉን ስታይ «ጆሮ ጨመርሽበት እንዴ? ግድ የለም፣ ጆሮ ፊት አይደለም» አለች። እኔም መሰላሌን ተሸክሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሱቄ ውስጥ ቀትር ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ስከድን «ማ ሶ ጄዳ?» የሚል ሰማሁ። ከበስተጀርባዬ፣ ከኮምፔርሳቶ ክምሩ በኩል። ዘልዬ ተነስቼ «ዋን ሶ ጄዳ» አልኩ፣ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛውም። ከዚያ ወዲህ እኔ ቀትር ላይ ተኝቼ አላውቅም። ከተማው ሁሉ ሲዘረር በሬ ላይ በርጩማ አውጥቼ እቀመጣለሁ፣ በረዶ እጠባለሁ፣ ራሴ ላይ ውሃ አፈስሳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠራኛል፣ እመልሳለሁ፣ ይሄዳል። የሰፈሩ ልጆች «ፌቲ ሌባ ትጠብቃለች» እያሉ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ልናዘዝ ብዬ ባለፈው ክረምት አዴር ዘንድ ሄጄ ነበር። ዓይኑ ፈጽሞ ሄዷል። ፊቱ ግን ወፍሯል፣ አብርቷል፣ ምንጣፉን እዚያው ሥዕሉ ሥር አስነጥፏል፣ በየቀኑ ቀትር ላይ እዚያ ይተኛል። «አንቺ ከመጣሽ በኋላ አንድም ቀን አልጠራኝም» አለኝ፣ እጄን ይዞ። «ስልሳ ዓመት ያልተኛሁትን እየተኛሁ ነው።» እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፣ ወላሂ ከፍቼ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ታዘዘኝና ዘጋሁት። ይህን እንቅልፍ እንዴት እቀማዋለሁ?

ባለፈው ሐሙስ ትኩሳት ያዘኝ። ጠዋት ክኒን ዋጥኩ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ስድስት ሰዓት ላይ ጋደም አልኩ፣ የነቃሁት አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ዓመት ከምናምን ሙሉ አንድ ቀን ያልዘለልኩትን ዘለልኩት። ልብሴ በላብ ርሷል፣ ከንፈሬ ጨው ጨው ይላል። አንድ ቀን ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ ለራሴ። ማታ ስልኬ ጮኸ፣ ሆዳን ናት።

«ፌቲ፣ እኛ ሳንኖር ቤት መጥተሽ ነበር?»

«አልመጣሁም፣ አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ምነው?»

«ታዲያ ሥዕሉን ማን ነካካው? ሰውየው ቆሟል እኮ!»

«እጁስ? መሪው ላይ ነው?»

«መሪውን ለቋል። ዞሯል ደግሞ፣ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ፌቲ፣ ፊት አይኑረው ብዬሽ አልነበረም? እዚህ ቤት እንሰግዳለን እኮ! ነይና አጥፊልኝ።»

«አባትሽስ?»

«ምን ይሆናል፣ ከቀትር ጀምሮ ከሥሩ ተኝቷል። ሲጠሩት እሺ አይልም፣ እንቅልፍ ጣፍጦታል።»

ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው። አዴር ዓርብ ጠዋት ነቅቷል አልሐምዱሊላህ፣ ሆዳን ነግራኛለች፣ ሻይ ጠጥቶ ቀትር ሲሆን ተመልሶ ተኛ። ለእኔ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጅ ይመጣልኛል፣ ስቱኮና ቀለም አዘጋጅቻለሁ፣ ግን ምን ላደርግ እንደምሄድ አላውቅም፣ ፊቱን ልሸፍነው ነው ወይስ መልሼ ላስቀምጠው፣ ቢሸፈንስ ወዴት ይሄዳል። ይህን የምጽፍላችሁ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው፣ አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል፣ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ የለም።

ከሐሙስ ወዲህ አልጠራኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ ዝም ነው። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ በየአሥር ደቂቃው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ እላለሁ፣ ማዶ ያለው ሱቅ ጠባቂ ይችስ ለየላት ብሎ ያየኛል። ልጁ ተኝቷል፣ ሊባን መሪውን ለቆ ተነስቷል፣ ያቺን ጀልባ አሁን ማን እንደያዛት አላውቅም።